ዛፍራን፣ ሱፍና እርድ

ከጥንት ጀምሮ በዓለም ገበያ ዋጋቸው ከናረ ቅመሞች አንዱ ዛፍራን ነው። ዛፍራን የሚባሉት ከአንዲት ሐምራዊ አበባ ውስጥ የሚለቀሙት ሦስት ቀያይ ክሮች ናቸው። አንድ ኪሎ ደረቅ ዛፍራን ለማግኘት 150,000 ያህል አበባ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ተክሉም ዘር አያፈራምና የሚራባው ሽንኩርት የሚመስለውን ሥሩን እየከፈሉ በመትከል ብቻ ነው።

በኤጌ ባሕር በምትገኘው በቴራ ደሴት፣ ከ3,500 ዓመት በፊት በተሣለ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሴቶች ይህን አበባ ሲለቅሙ ይታያሉ። ፋርስ፣ ግሪክና ሮማም ለምግብ፣ ለመድኃኒት፣ ለሽቱና ለልብስ ማቅለሚያ ሲገለገሉበት ኖረዋል። በዛሬው ዘመን አብዛኛው ምርት የሚገኘው ከኢራን ነው።

ውድ ዕቃ አስመሳይ አያጣም። በ15ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ዛፍራን ቀላቅሎ የሸጠ ነጋዴ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ይፈረድበት ነበር። ከሚቀላቀሉትም መካከል የሱፍ አበባና የእርድ ዱቄት ይገኙ ነበር። ስለዚህም አውሮፓውያን ሱፍን «ሐሰተኛ ዛፍራን»፣ እርድን ደግሞ «የህንድ ዛፍራን» ብለው ጠሩ። ይሁን እንጂ ሦስቱ ተክሎች በዘር አይዛመዱም።

ሱፍ የራሱ ታሪክ አለው። የጥንት ግብጻውያን በአበባው ልብስ ያቀልሙ ነበር። አበባው በውኃ የሚለቅ ቢጫና ከአመድ ውኃ ጋር የሚወጣ ቀይ፣ ሁለት ቀለም ይሰጣልና። በ1856 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ቀለም ከተገኘ ወዲህ ግን ይህ ንግድ እየተዳከመ ሄደ።

የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ከአበባው ይልቅ ፍሬውን አከበረ። ሱፍን ከጤፍና ከገብስ ጋር እየደባለቀ ዘራ፤ እሾሁ ከብት ስለሚያርቅለትም በማሳው ዳር ተከለው። የቤት እመቤትም ፍሬውን ቆልታና ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣና አጥልላ የጾም ፍትፍት ታዘጋጅበታለች። በቴፒና በሸካ አካባቢ የሚበቅለው እርድም የአልጫ ወጥ ጌጥ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች ሦስቱን እንዲለዩ ከስም ይልቅ ተክሉን ማሳየት ይበጃል። እውነተኛው ዛፍራን በውኃ ሲነከር ቢጫ ቀለሙን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ክሩ ራሱ ግን ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ሱፍን ሐሰተኛ ያሰኘው የነጋዴ ማጭበርበር እንጂ የተክሉ ባሕርይ አይደለም። በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ሱፍ ምንጊዜም በራሱ ስም የተጠራ እውነተኛ ሱፍ ነው።