የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) በጎንደር

ኤች ፓይሎሪ፣ በሙሉ ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በሰው ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይገባል፤ ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይቆያል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጨጓራ ሕመም የመጡ 215 ታካሚዎች የተመረመሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከመቶ 85.6 በሚሆኑት ደም ውስጥ የዚህ ባክቴሪያ ፀረ-አካል አግኝቷል። በመላ አገሪቱ የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሌላ ሥራ ደግሞ ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው አሳይቷል።

የጨጓራ ሕመም በበርበሬ፣ በቡና፣ በጾምና በብስጭት የሚመጣ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ሲታመን ኖሯል። በየቤቱም ተልባና አብሽ ይጠጣለታል፤ ቃሩን ያስታግሱ ይሆናል እንጂ ባክቴሪያውን ከጨጓራ አያስወጡም። እምነቱ የሐኪሞችም ነበር። አውስትራሊያዊዎቹ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን በፐርዝ ከተማ ለይተው ሲያወጡ ብዙ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ባክቴሪያው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በዘር ቅንጣቱ ላይ የተደረገው ምርምር እንደሚያመለክተው ከ58,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሰዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥተው በዓለም ሲሰራጩ በጨጓራቸው ይዘውት ሄደዋል።

አሲድ በሞላበት ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ዩሬዝ በተባለ ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል። ከዚያ በጅራት መሰል ክሮቹ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ ወደ ሸፈነው ዝልግልግ ልባስ ይገባል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ብዙ የአንጀት ባክቴሪያዎች በውጭ ልባሳቸው ላይ ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል የስብና የስኳር ሞለኪውል አላቸው። ሰውነት ይህን ሞለኪውል ሲያገኝ ልክ ዘበኛ ሌባ እንዳየ ይጮኻል፤ ትኩሳትና ብግነት ይነሣል። ኤች ፓይሎሪ ግን በሞለኪውሉ ላይ ያሉትን የፎስፌት ቅንጣቶች አንስቶ ስለሚለውጠው ጩኸቱ በእጅጉ ይደክማል። የክሮቹ ፕሮቲንም ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚለየውን ተቀባይ አይቀሰቅስም።

ሙሉ በሙሉ ግን አይደበቅም። ብርቱ የሆኑት ዝርያዎቹ መርፌ በሚመስል መሣሪያ ካግ-ኤ የተባለ ፕሮቲን ወደ ጨጓራ ሕዋሳት ይወጋሉ፤ አብሮ የሚገባው የስኳር ቅንጣት ሕዋሳቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንዲጠሩ ያደርጋል። ቫክ-ኤ የተባለው መርዝ ደግሞ ቲ ሕዋሳት የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት መባዛት ያግታል። እንዲህ እየተቀሰቀሰም እየታፈነም ለአሥርተ ዓመታት የሚዘልቀው ብግነት የጨጓራ ቁስለትን፣ የብረት ማነስን፣ በጥቂቶችም ካንሰርን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሆኖም ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድም ሕመም አይሰማቸውም።

ይህ የተለሳለሰ ምላሽ ለጨጓራ ብቻ አይቀርም። ባክቴሪያው አረጋጊ የሚባሉትን ቲ ሕዋሳት ስለሚያበዛ፣ በልጅነት የያዛቸው ሰዎች አለርጂና አስም ይቀንስባቸው ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ጥያቄው በኢትዮጵያ በቁም ነገር ተፈትኗል። በቡታጅራ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ሲመረመሩ፣ ባክቴሪያው ያለባቸው ልጆች ችፌ ያነሰባቸው ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ የተረጋገጠ አልነበረም። በአንጀታቸው ከተቆጠሩት ለማዳ ባክቴሪያዎች ጋርም ግልጽ ግንኙነት አልታየም። እንግዲህ ባክቴሪያው ይጠቅማል ብሎ ልጅን ሳያክሙ መተው በማስረጃ አይደገፍም።

የሆድ ትሎችም በብግነቱ መለሳለስ ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። በደንቢያና በጣና ዳር ብልሃርዚያ፣ በየቀበሌው ወስፋትና መንጠቆ ትል ብዙ ሰው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአይጥ ሙከራ ትል ያለባቸው አይጦች የኤች ፓይሎሪ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣው የጨጓራ መሳሳት እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። በአፍሪካ ባክቴሪያው ተስፋፍቶ ሳለ የጨጓራ ካንሰር የሚጠበቀውን ያህል ያልበዛው በዚህ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የበሽታ ምዝገባው ጎዶሎ በሆነበት አገር ግን የቁጥሩን ማነስ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

ባክቴሪያው በዋናነት በቤተሰብ ውስጥ፣ በአፍና በዓይነ ምድር ይተላለፋል፤ ጠባብ ቤትና የንጹሕ ውኃ እጦት ያባብሱታል። ሕክምናው ሁለት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ ቀናሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ነው። መድኃኒቱ የአንጀትን ለማዳ ባክቴሪያዎችም ስለሚመታ ተቅማጥና የአፍ ምረት የተለመዱ ናቸው፤ በዚህ ተሰላችቶ በመሐል ማቋረጥ ግን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያተርፋል።

በምርመራው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የደም ምርመራ የሚያሳየው ፀረ-አካልን ነው፤ ፀረ-አካሉ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በደም ውጤት ብቻ «አልለቀቀኝም» ብሎ ያንኑ መድኃኒት ደግሞ መዋጥ ተገቢ አይደለም። በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ ከሚያሳዩት አንዱ የሰገራ ምርመራ ነው፤ እሱም ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ አሲድ ቀናሹ ከተቋረጠ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ መደረግ አለበት። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄዶ በኢንዶስኮፒ መታየት ይኖርበታል።