ሽንት የሚነግረን፦ የሉፐስ ኩላሊት ሕመምን ያለ መርፌ የመከታተል ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በቤተ ሙከራ ማዕዘን ተቀምጦ ብዙዎቻችን ፊታችንን የምናዞርበት ነገር ነው፤ ሽንት። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ሉፐስ የተባለው ሕመም የአንዲትን ወጣት ኩላሊት ማጥቃት ሲጀምር፣ ወይም መድኃኒት ጀምራ ሕመሙ ሲበርድ፣ በየጊዜው ወገቧን በመርፌ ሳንወጋ ይህን ማወቅ እንችላለን? መልሱን ለመስጠት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን ማየት ይገባል።

ንግግሩን ጉለሌ ላይ ማድረጋችን ከጉዳዩ ጋር ይስማማል። በዚህ ክፍለ ከተማ ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነው። በዚያው ግቢ የሚገኘው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የአገሪቱ ዋና የጤና ምርምር ቤተ ሙከራ ነው። እዚሁ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተከናወነው በዚህ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ታማሚ፣ አቅም ካለው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ስለዚህ ቤተ ሙከራውና የኩላሊት ሕክምናው በአንድ ክፍለ ከተማ ጎረቤታሞች ናቸው። የሁለቱ ጉርብትና ምን ማለት እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ያስረዳናል።

በሽንት ላይ አረፋ ሲቆይ የኩላሊት ሕመም ምልክት መሆኑን የሂፖክራጥስ ስም በያዙት ጥንታውያን ጽሑፎች ውስጥ እናገኘዋለን። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን የአውሮፓ ሐኪሞች የሽንትን ቀለም በብርጭቆ እያዩ ሕመምን ሁሉ ከዚያ ለማንበብ ሞከሩ፤ ማየታቸው መልካም ሆኖ ሳለ መለኪያ ስላልነበራቸው ትርጓሜያቸው ወደ ግምት ወረደ። ለውጡ የመጣው ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ኮቱኞ እ.ኤ.አ. በ1764 ሰውነቱ ያበጠ አንድ ወታደር ሲያክም ሽንቱን በእሳት ባሞቀ ጊዜ ነው፤ ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። በ1827 ደግሞ የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሽንትን በማንኪያ ይዞ በሻማ ላይ እያሞቀ፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን፣ የሰውነት ማበጥንና ከሞት በኋላ የታየውን የኩላሊት ጉዳት አንድ ላይ አስተሳሰረ። ይኸው ሐኪም በ1842 በጋይስ ሆስፒታል ለኩላሊት ታማሚዎች ብቻ የተለዩ ክፍሎችን ከነቤተ ሙከራቸው አደራጀ። ብራይት ያሳየው ሐቅ ግልጽ ነው፤ የታማሚው አልጋና ቤተ ሙከራው ሲቀራረቡ ሽንት መናገር ይጀምራል።

ሉፐስ በላቲን «ተኩላ» ማለት ነው፤ ስሙ በፊት ላይ ከሚወጣው ቁስል የተወሰደ ነው። ለረጅም ዘመን የቆዳ ሕመም ብቻ ይመስል ነበር። ሞሪትዝ ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1872 በቪየና ሕመሙ የውስጥ አካላትንም እንደሚጎዳ አመለከተ፤ ዊልያም ኦስለር ከ1895 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ኩላሊት ከሚጠቁት አካላት አንዱ መሆኑን አሳየ። በ1935 ቤህር፣ ክሌምፐረርና ሺፍሪን የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች በኩላሊቱ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ላይ የሽቦ ቀለበት የሚመስል ውፍረት ገለጹ። በ1948 ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ የሉፐስን ልዩ ሕዋስ ካገኙ በኋላ ምርመራው መልክ ያዘ። ዛሬ እንደምናውቀው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጠላትንና ወዳጅን መለየት ተስኖት በራሱ አካል ላይ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል፤ እነዚህ በኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ሲከማቹ እብጠት ይነሣል፣ ማጣሪያውም ፕሮቲንና ደም ማሳለፍ ይጀምራል። የዚያን ዘመን ታማሚዎች ዕጣ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በ1955 ሜሬልና ሹልማን ያወጡት ጥናት ይመሰክራል፤ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ አራት ዓመት የቆዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በ1951 አይቨርሰንና ብሩን የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች በመርፌ ከኩላሊት ናሙና የመውሰድን ዘዴ አስተዋወቁ። ባዮፕሲ ከዚያ ወዲህ የበላይ ዳኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታወቀው ዓለም አቀፍ አመዳደብም የሉፐስ ኩላሊት ሕመምን በስድስት ደረጃ የሚከፍለው በዚሁ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። የዳኛው ፍርድ ግን ዋጋ አለው። የደም መፍሰስ አደጋ አለ፤ መርፌው የሚያገኘው የኩላሊቱን ቅንጣት ብቻ ነው፤ ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያና የፀረ እንግዳ አካላትን ክምችት በብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሦስት ወሩ ሊደገም አይችልም። ሕመሙ ግን በየሦስት ወሩ ሊለዋወጥ ይችላል።

ስለዚህ ክትትሉ ተመልሶ ወደ ሽንት ገባ። በ1957 የወጣው የወረቀት ስትሪፕ ፕሮቲንን በቀለም ለውጥ በደቂቃ ውስጥ ማሳየት ቻለ። የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ትክክለኛ መለኪያ ሆኖ ቢቆይም፣ በአንድ ግቢ ከብዙ ተከራዮች ጋር መጸዳጃ ለምትጋራ፣ ቀኑን ሙሉ ከቤቷ ውጭ ለምትሠራ ሴት ጀሪካን ይዞ መዞር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መናገር አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1983 ጊንዝበርግና ባልደረቦቹ በአንድ ጊዜ ናሙና ውስጥ ያለው ፕሮቲን ለክሬአቲኒን ያለው ምጣኔ የቀኑን መጠን በቂ በሆነ ሁኔታ እንደሚገምት አሳዩ። ይህ ቀላል የሚመስል ግኝት ለድሃ አገር ትልቅ ስጦታ ነው። በቀን ከ0.5 ግራም በላይ ፕሮቲን መታየቱ ባዮፕሲን እንድናስብ ያደርገናል፤ ሕክምና በተጀመረ በዓመቱ ፕሮቲኑ ከ0.7 እስከ 0.8 ግራም ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ደግሞ የኩላሊቱን የወደፊት ዕድል በጎነት እንደሚጠቁም የአውሮፓ ጥናቶች አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ፕሮቲን አንድ ጉድለት አለው። ትናንት የቀረውን ጠባሳና ዛሬ የሚነደውን እሳት አይለይም። ፕሮቲኑ ጥቂት ሆኖ ባዮፕሲው ከባድ ሕመም የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ በተቃራኒው እሳቱ ጠፍቶ ጠባሳው ብቻ ፕሮቲን የሚያፈስበት ጊዜም አለ። በመጀመሪያው ሁኔታ ታማሚዋ መድኃኒት ይቀርባታል፤ በሁለተኛው ያለ ጥቅም ከፍተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ትወስዳለች፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ለኢንፌክሽንም ትጋለጣለች።

አዲሶቹ የሽንት ጠቋሚዎች የመጡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ኤምሲፒ-1 ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ እብጠቱ የሚጠራ መልእክተኛ ነው። ኤንጋልና ኪም-1 የኩላሊቱ ቱቦዎች ሲጎዱ ይጨምራሉ። የሚሟሟው ሲዲ163 ደግሞ በእብጠቱ ቦታ ከተሰለፉት ማክሮፌጅ ከተባሉ ሕዋሳት ገጽ ተቆርጦ ወደ ሽንት ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት እሳቱን ራሱን ያሳያል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሩነርና ባልደረቦቿ በልጆች ላይ ስድስት ፕሮቲኖችን አጣምረው የሕመሙን ንቃት የሚገምት መለኪያ አቅርበዋል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ባዮፕሲን የተካ አንድም ጠቋሚ እስካሁን የለም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለረጅም ዘመን ሉፐስ በአፍሪካ ብርቅ ነው ይባል ነበር። በአሜሪካና በብሪታንያ የሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ግን ከነጮች ይልቅ በብዛት ይታመማሉ፣ ኩላሊታቸውም ይበልጥ ይጎዳል። ብርቅ የነበረው ሕመሙ ነው ወይስ መርማሪው? ያልተመረመረ ሕመም በመዝገብ አይገኝም፤ በመዝገብ ያልተገኘ ሕመም ደግሞ በጀት አያገኝም።

በአገራችን ሽንት የሚናገረው ስለ ሉፐስ ብቻ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ያለው የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ ደም ያመጣል። የኩላሊት ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ስኳርና የእርግዝና ደም ግፊት ፕሮቲን ወይም ደም ያሳያሉ። ኤንጋል በተራ የሽንት ኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች የሉፐስ ታማሚ ፊቷ ሲያብጥና ግፊቷ ሲጨምር፣ ምክንያቱ እርግዝናው ይሁን ሉፐሱ መለየት የእናትንም የልጅንም ሕይወት የሚወስን ጉዳይ ነው። ስለሆነም በሌላ አገር ታማሚዎች ላይ የተቆረጠ የመለኪያ ወሰን እንዳለ ተቀድቶ ለእኛ አይሠራም።

አንዳንዶች አዲሱ ምርመራ እስኪመጣ እንጠብቅ ይላሉ። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ብራይት የሚፈልገውን መሣሪያ አልጠበቀም፤ በእጁ ያለውን ማንኪያና ሻማ በሥርዓት ተጠቀመ፣ ያየውንም ጻፈ። ለእኛ የቀረበው ቅደም ተከተል እንዲህ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ማንኛዋም የሉፐስ ታማሚ በቀጠሮዋ ሁሉ የጠዋት ሽንቷ በስትሪፕና በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ የፕሮቲንና ክሬአቲኒን ምጣኔዋም ይለካ፤ ውጤቱ ካለፈው ጋር ተነጻጽሮ በካርዷ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ባዮፕሲ በሚደረግበት ዕለት የተወሰደ ሽንት፣ በታማሚዋ ፈቃድ፣ በጥልቅ ቅዝቃዜ ይቀመጥ። የመብራት መቆራረጥ ናሙናን እንደሚያበላሽ እናውቃለንና ለማቀዝቀዣው መጠባበቂያ ጄኔሬተር የምርምሩ አካል ሆኖ ይታቀድ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ክምችት የራሳችንን ወሰን እናውጣ። አልጋው በቅዱስ ጳውሎስ፣ ቤተ ሙከራው በፓስተር፤ የሚለያያቸው ጥቂት የእግር መንገድ ነው።

ኩላሊት ከደከመ በኋላ የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት የቤተሰብን ጥሪት ያሟጥጣል፤ ንቅለ ተከላም ከወንድም ወይም ከእናት ኩላሊት ይጠይቃል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሕመም ቅጠሉ በትንሽ ዕቃ የምትመጣው የጠዋት ሽንት ናት፤ የእኛ ድርሻ በጊዜው ማየትና ያየነውን መዝግቦ ማቆየት ነው።