በክፍት የኮከብ ዘለላዎች ውስጥ የጥንድ ኮከቦች ፍለጋ

ጥንድ ኮከቦች በስበት ተሳስረው እርስ በርስ የሚዞሩ ኮከቦች ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1767 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተጠጋግተው የሚታዩ ኮከቦች ብዛት በአጋጣሚ ከሚጠበቀው እንደሚልቅ በስሌት አሳየ። ሰባቱ ከዋክብት የሚባለው የፕሌያዲስ ዘለላም በአጋጣሚ የተሰባሰበ ሊሆን እንደማይችል በዚያው ጽሑፍ ተከራከረ። በ1803 ዊልያም ሄርሼል ጥንዶች በእርግጥ እንደሚዞሩ በምልከታ አረጋገጠ።

የአንድ ክፍት ዘለላ ኮከቦች ከአንድ የጋዝ ደመና የተወለዱ በመሆናቸው ዕድሜያቸውም ከምድር ያላቸው ርቀትም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ወጣት ዘለላን ከአሮጌው በማነጻጸር የጥንዶች ቁጥር በዘመን ብዛት ይለወጥ እንደሆነ መመርመር ይቻላል። ችግሩ የምድር ከባቢ አየር ነበር፤ የአየሩ መናወጥ የኮከብን ምስል ስለሚያደበዝዝ ተቀራራቢ ጥንዶች እንደ አንድ ነጥብ ይታያሉ።

መፍትሔውን በ1953 ያቀረበው አሜሪካዊው ሆራስ ባብኮክ ነው። ሐሳቡ የመጣውን ብርሃን መዛባት እየለኩ፣ ቅርፁን በሚቀያይር መስተዋት ወዲያው ማረም ነበር። ይህ ዘዴ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ይባላል። የጊዜው ቴክኖሎጂ ግን ስላልፈቀደ፣ ከሰማይ ምርምር ጋር የተዋወቀው በ1989 በደቡብ ፈረንሳይ በኦት ፕሮቫንስ የምልከታ ጣቢያ፣ ኮም ኦን በተባለ መሣሪያ ነው።

በ1996 ፑዌዎ የተባለ መሣሪያ በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ተገጠመ። በዚህ ቴሌስኮፕ ፈረንሳዊው ዠሮም ቡቪዬና ባልደረቦቹ 144 የፕሌያዲስ ኮከቦችን በታህተ ቀይ ብርሃን መረመሩ። በ1997 ባሳተሙት ውጤት 22 ጥንዶችንና 3 ባለ ሦስት ኮከብ ሥርዓቶችን ዘገቡ። በ2001 ደግሞ ፕሬሴፔ በተባለው ዘለላ ከ149 ኮከቦች 26 ጥንዶችን አገኙ።

ፕሌያዲስ 120፣ ፕሬሴፔ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ የጥንዶቻቸው ድርሻ ግን በፀሐይ አካባቢ ካሉት ኮከቦች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ብቻ በሚገመተው አይሲ 348 ዘለላም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። ይህም ተራርቀው የሚዞሩ ጥንዶች ድርሻ በዘለላው ዕድሜ ብዙም እንደማይለወጥ ጠቆመ። ታውረስ በተባለው የኮከቦች መወለጃ አካባቢ በተበታተነ ሁኔታ በሚወለዱ ኮከቦች ዘንድ ግን ጥንዶች በርከት ይላሉ። ቡድኑ ለዚህ ልዩነት ሁለት ማብራሪያዎችን መዘነ፤ በተጨናነቀ ዘለላ ውስጥ ጥንዶች ገና በጅምሩ በሌሎች ኮከቦች ስበት ተለያይተዋል፣ ወይም የኮከብ አወላለዱ ራሱ ከመነሻው ይለያያል። የትኛው ትክክል እንደሆነ በዚያ ጥናት አልተወሰነም።