1850 ላይ የተሰመረው መስመር

ከባሕር ዳር ተነስቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ የደረሰ መንገደኛ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በአዲስ ዘመንና በእንፍራዝ አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦር ይወጣል። በሁለቱም አቅጣጫ የነገሥታት አሻራ አለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንት ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ግን የአንዱን መንገድ ታሪክ አቅፎ የሌላኛውን ደጅ ላይ ትቶት ነበር።

አዋጁ ጥንታዊ ቅርስ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነው። በጎንደር መንገድ ከእንፍራዝ በላይ ኮረብታ ላይ የቆመው ጉዛራ ይህን መስፈርት በቀላሉ ያልፋል። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደታነጸ የሚነገርለት ይህ ቤተ መንግሥት፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ግንብ ያለው ነው፤ ፊቱም ወደ ጣና ነው። በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጉዛራም የምዝገባው አካል ሆኗል። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ዕጣዋ ሌላ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው፤ ዘመኑም 1859 ዓ.ም.። በ1860 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወራት ፈጅቶ፣ ገደል እየናደ መንገድ እያበጀ መድፉን መቅደላ አወጣው። ይህ ሁሉ በዘጠኝ ዓመት ብቻ ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ወደቀ። በአዋጁ ትርጉም የዓድዋ ዘመን ሥራዎችም ከመስመሩ ወዲህ ነበሩ። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው ከቴዎድሮስ ነው እያልን የምናስተምር ሰዎች፣ ልክ በእሳቸው ዘመን ላይ በር የሚዘጋ ሕግ መያዛችን ከባድ ስህተት ነበር።

ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 የዓመት ገደቡን ትቶታል፤ የሚጠይቀው የሥራውን ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊና ባህላዊ ዋጋ ነው። ጋፋት እንደ ጉዛራ ቆሞ የሚታይ ሰፊ ግንብ የላትም፤ ታሪኳ ያለው በአፈሩ ውስጥ ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ዋናው አንቀጽ 42 ነው፤ የተከለለ ተብሎ በታወጀ ሥፍራ ያለ ፈቃድ መገንባት፣ መንገድ ማውጣትም ሆነ መቆፈር ይከለክላል።

ለፎገራ ሜዳ ለራሱ ደግሞ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 41 አለ። ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከበው ድረስ ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ጥቁሩን የፎገራ አፈር ለሩዝ የሚያርሰው ገበሬና የመንገድ ተቋራጩ፣ ድንጋይ የሚጭነው ሾፌርም ጭምር፣ ይህን አንቀጽ በጆሯቸው ሊሰሙት ይገባል። አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ማሳ ዘበኛ ማቆም አይችልም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያና ስለ ጎርፍ ሲወራ፣ ከአጀንዳው አምስት ደቂቃ ለአንቀጽ 41 ይሰጠው።