ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የበረዶ ጎማ አመራረጥ፦ የኖርዌይ ተራራማ መንገዶች ተሞክሮ

ኖርዌይ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሱ አውቶሞቢሎችን በስፋት በመጠቀም ከዓለም አገሮች ቀዳሚውን ሥፍራ ይዛለች። የአገሪቱ ፓርላማ እ.ኤ.አ በ2017 ባጸደቀው የትራንስፖርት ዕቅድ ከ2025 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች በሙሉ ከጭስ ነጻ እንዲሆኑ ግብ ተጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ውስጥም 88 ነጥብ 9 በመቶው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። ይህ ለውጥ የተካሄደው ግን ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አስፋልት ባለበት ሜዳማ አገር አይደለም። ከዋና ከተማዋ ኦስሎ ወደ ሰሜን የሚያመራው ኢ 6 የተባለው አውራ ጎዳና በዶቭረ ተራራ ላይ 1 ሺህ 26 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ይህ በኢትዮጵያ ሚዛን ቆላ የሚባል ከፍታ ቢሆንም፣ ሥፍራው ለሰሜን ዋልታ የቀረበ በመሆኑ መንገዱ ለበርካታ ወራት በበረዶ ይሸፈናል። 1 ሺህ 434 ሜትር ከፍታ ያለው የሶግነ ተራራ መንገድማ ቅዝቃዜው በሚበረታባቸው ወራት ከናካቴው ይዘጋል። በሃርዳንገር አምባ በሚያልፈው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7 ላይ ነፋስና በረዶ ሲበረታ ተሽከርካሪዎች የሚያልፉት በረዶ ጠራጊ መኪና ከፊት እየመራቸው ተሰልፈው ነው።

እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ባትሪ፣ ሞተርና ኮምፒዩተር የየራሳቸው ሚና ቢኖራቸውም፣ መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት የእጅ መዳፍ ያህል ስፋት ያላቸው አራት የጎማ ገጾች ብቻ ናቸው። ስለሆነም የጎማ ምርጫ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ አንድ የቃል ማብራሪያ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛው አጠራር የተለመደው «የክረምት ጎማ» የሚለው ስያሜ ኢትዮጵያዊውን አንባቢ ሊያሳስት ይችላል። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው። በኖርዌይ ግን ይህ ጎማ የሚገጠመው በኢትዮጵያ በጋ በሆነባቸው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲሆን፣ የተሠራውም ለዝናብ ሳይሆን ለብርድና ለበረዶ ነው። በዚህ ጽሑፍ «የበረዶ ጎማ» የሚለው አጠራር የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የበረዶ ጎማና የሞቃት ወቅት ጎማ ዋነኛ ልዩነት ያለው በላስቲኩ ቅመማ ላይ ነው። ለሞቃት ወቅት የተሠራ ላስቲክ ብርድ ሲያገኘው እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ መሬት መቆንጠጥ ይሳነዋል። በሙያው ዘንድ እንደ መለያ ድንበር የሚወሰደው 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ የአየሩ ሙቀት በተከታታይ ከዚህ በታች በሚሆንበት ጊዜ በረዶ ባይኖርም እንኳ ጎማ መቀየር ይመከራል። ሁለተኛው ልዩነት በጥርሱ ላይ ይታያል። የበረዶ ጎማ ጥርሶች ላይ እንደ ምላጭ የቀጠኑ በርካታ ስንጥቆች ያሉ ሲሆን፣ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ስንጥቆቹ እየተከፈቱ በረዶውን በጠርዛቸው ይቧጥጣሉ። ይህ ጥበብ የኖርዲክ አገሮች ውጤት ነው። የፊንላንዱ ኖኪያን ጎማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ በ1934 ለጭነት መኪና፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቤት አውቶሞቢል የበረዶ ጎማ በማምረት ፈር ቀዳጅ ሆኗል።

ገዢው በመደብር ሦስት ዓይነት ጎማዎችን ያገኛል። የመጀመሪያው ባለ ምስማር ጎማ ነው። በጥርሶቹ መካከል የተተከሉት አጫጭር የብረት ምስማሮች ግግር በረዶን ይወጋሉ። በተለይም የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ተጠግቶ ግግር በረዶው ላይ ቀጭን ውኃ ሲቋጥር የሚወዳደረው የለም። በአንጻሩ ምስማሩ አስፋልቱን ስለሚፍቀው አቧራ ያስነሳል፣ ድምፁም ይረብሻል። በዚህ ምክንያት በኦስሎ ከተማ በባለ ምስማር ጎማ የሚያሽከረክር ሰው ክፍያ ይፈጽማል። ሁለተኛው ኖርዲክ የሚባለው ምስማር አልባ ጎማ ሲሆን፣ እጅግ ለስላሳ በሆነው ላስቲኩና በስንጥቆቹ ብዛት ይሠራል። ሦስተኛው ለመካከለኛው አውሮፓ ተብሎ የተሠራው ነው። ይህኛው እርጥብ አስፋልትንና ፈጣን ጎዳናን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ ግግር በረዶ ላይ ከሁለተኛው ያንሳል። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የፍጥነት ፊደል ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ኪው (በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር)፣ አር (170) ወይም ቲ (190) የሚሉት ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ የኖርዲኩ ሲሆኑ፣ ኤች (210) እና ቪ (240) የመካከለኛው አውሮፓ ናቸው። በኖርዌይ ትልቁ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዝቅተኛው ፊደል የሚያሳስብ አይደለም።

«ለሁሉም ወቅት» ተብለው የሚሸጡት ጎማዎች በረዶ አልፎ አልፎ ለሚጥልባቸው ከተሞች ያገለግሉ ይሆናል እንጂ በየሳምንቱ ተራራ ለሚያቋርጥ አሽከርካሪ የሚመከሩ አይደሉም።

ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ ከማስታወቂያ ቃል ይልቅ አስተማማኝ ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ጥምር ፊደላት ጭቃንና በረዶን ቢያመለክቱም፣ አምራቹ ያለ ምንም ፈተና የሚያትማቸው ናቸው። ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ብናኝ የተሣለበት ምልክት ግን የሚገኘው ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ጀርመን ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ በበረዶ ወቅት የምትቀበለው ይህንኑ የተራራ ምልክት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህም ፈተና ግግር በረዶን እንደማይጨምር ልብ ሊባል ይገባል። በመሆኑም የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2021 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው አዲስ የጎማ መግለጫ ወረቀት ላይ ለግግር በረዶ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ምልክት ተካቷል። ምስማር አልባ ጎማ ለኖርዌይ ተራራ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ምልክቶች መጠየቅ ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከነዳጁ መኪና የሚለይባቸው ነጥቦች ከዚህ በኋላ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በርካታ ባለ አምስት መቀመጫ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ባዷቸውን 2 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳሉ። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ያመለክታል። 95 ማለት አንዱ ጎማ 690 ኪሎ ግራም፣ 98 ማለት 750፣ 100 ማለት 800፣ 103 ማለት ደግሞ 875 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ለምሳሌ በኋላ እግሩ ላይ እስከ 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚያርፍበት መኪና እያንዳንዱ የኋላ ጎማው ቢያንስ 98 መሆን አለበት። መጠኑ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ 95 የሆነ ርካሽ ጎማ ቸርኬው ላይ በሚገባ ይገጥማል፤ አደጋውም ይኸው ነው፣ ችግሩ ለዓይን አይታይም። ጎማው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እየጋለ ይሄድና ረጅም ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ከሚያዘው ቁጥር በታች መውረድ አይገባም። «ኤክስ ኤል» የሚለው ጽሑፍ የተጠናከረ ጎማን የሚያመለክት ሲሆን፣ ከ2021 እ.ኤ.አ ወዲህ ደግሞ ለከባድ አውቶሞቢሎች «ኤች ኤል» የተሰኘ ከዚያም የላቀ ደረጃ ወጥቷል።

ሁለተኛው ነጥብ ከፍሬን ጋር ይያያዛል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አሽከርካሪው እግሩን ከፍጥነት መርገጫው ላይ ሲያነሳ ሞተሩ ወደ ኃይል ማመንጫነት ተለውጦ መኪናውን ይጎትታል፤ የተገኘውም ኃይል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና ላይ ይህ ጉተታ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። በሚያንሸራትት ኩርባ ላይ እግርን በድንገት ማንሳት የኋላውን ክፍል ሊያሽከረክረው ይችላል። በመኪናው ውስጥ ያለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ጣልቃ ቢገባም፣ ጎማው ከሚቆነጥጠው በላይ ሊሠራ አይችልም። በመሆኑም የጉተታውን ኃይል መቀነስ በሚያስችሉ መኪናዎች ላይ መቀነሱ ይመከራል። የጥርሳቸው ጥልቀት የተለያየ ሁለት ጥንድ ጎማዎች ካሉም የተሻሉት ከኋላ ይገጠማሉ።

ከዚህም የሚብስ አንድ ሁኔታ አለ። ባትሪው እጅግ ሲቀዘቅዝ ወይም ጢም ብሎ ሲሞላ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም። ተራራ ጫፍ ላይ በሚገኝ ማረፊያ ሲያድር ባትሪውን እስከ መቶ በመቶ ሞልቶ ማለዳ ቁልቁለቱን የሚጀምር አሽከርካሪ፣ ትናንት ያውቀው የነበረው ጉተታ ዛሬ እንደሌለ የሚረዳው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲደርስ ነው። የቀረው ተስፋው ተራው ፍሬንና ጎማው ብቻ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ቀላል ስሌት ያሳያል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ በደረቅ አስፋልት ላይ 14 ሜትር ገደማ፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 39 ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል። የመቆንጠጥ ኃይሉ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ብቻ በሆነበት ግግር በረዶ ላይ ርቀቱ ወደ 98 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ በሜዳ ነው። በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ግን ያው መኪና ወደ 490 ሜትር ይንሸራተታል፤ ቁልቁለቱ 10 ሜትር ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይቆምም። የመቆንጠጥ ኃይሉን ከአንድ አሥረኛ በጥቂቱ ከፍ የሚያደርግ ጎማ በቁልቁለት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የትየለሌ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአራቱም እግሮች የሚነዳ መኪና ዳገት ለመውጣት ቢረዳም የማቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም። እንዲያውም ዳገቱን በቀላሉ የወጣ አሽከርካሪ መንገዱ ያን ያህል እንደማያንሸራትት ስለሚመስለው ይዘናጋል።

የጉዞ ርቀትም ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሥጋት ነው። የኖርዌይ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2020 በ20 መኪናዎች ላይ በቅዝቃዜ ወቅት ባካሄደው ሙከራ፣ መኪናዎቹ በይፋ ከተገለጸው ርቀት በአማካይ 18 ነጥብ 5 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። የዚህ ዋነኛ ምክንያቶች የባትሪው መቀዝቀዝና ለማሞቂያ የሚወጣው ኃይል ሲሆኑ፣ ጎማውም የራሱ ድርሻ አለው። በአውሮፓው መግለጫ ወረቀት ላይ ከኤ እስከ ኢ ያሉት ፊደላት ጎማው ሲሽከረከር የሚያባክነውን ኃይል ያሳያሉ። ሆኖም ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ለማትረፍ ሲባል የመቆንጠጥ አቅምን መሠዋት ተገቢ አይደለም።

የቸርኬ መጠንም ትኩረት ይሻል። ፍሬኑን የማይነካ እስከሆነና አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ፣ በ20 ኢንች ፈንታ 18 ኢንች ቸርኬ መግጠም የጎማውን ጎን ከፍ ስለሚያደርገው በበረዶ ሥር የተደበቀ ጉድጓድን ይቋቋማል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በበረዶ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት የሚፈቀደውም በአብዛኛው ለተወሰኑ የጎማ መጠኖች ብቻ በመሆኑ ከግዢ በፊት መመሪያውን ማየት ይበጃል። የጎማው ነፋስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በ0 ነጥብ 1 ባር ገደማ ስለሚወርድ ልኩን ብርዱ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ጎማ ሲቀየር ክሪኩ በተፈቀደው ነጥብ ላይ ብቻ መደገፍ አለበት፤ ከወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ነውና። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማዎች ድምፅ ለመቀነስ ውስጣቸው በስፖንጅ ስለሚለበጥ ሲበሱ ማንኛውም ጎሚስታ ላይጠግናቸው ይችላል።

በኖርዌይ ሕግ መሠረት ባለ ምስማር ጎማ የሚፈቀደው ከኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22) ጀምሮ በምዕራባውያኑ አቆጣጠር ከፋሲካ ማግስት ቀጥሎ እስካለው እሑድ ድረስ ነው። በሰሜኑ በኖርላንድ፣ በትሮምስና በፊንማርክ ከኦክቶበር 16 (ጥቅምት 6) እስከ ኤፕሪል 30 (ሚያዝያ 22) ይፈቀዳል። ምስማር የመረጠ የቤት አውቶሞቢል ባለቤት በአራቱም እግሮች ላይ መግጠም ግዴታው ነው። በወቅቱ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በሞቃቱ ወራት ግን 1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወሳል። የአገሪቱ መንገዶች የበረዶ ጎማ ባያስፈልጋቸውም፣ ተሽከርካሪ ለሚገዙና ለሚረከቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከላይ የተዘረዘረው የመሸከም ቁጥር እንደ ጣርማ በር ባለው ቁልቁለትም የሚሠራ ነው። ከብርድ አገር የመጣ መኪና የተራራ ምልክት ያለበት ጎማ እንደተገጠመለት ከተገኘ ሊቀየርለት ይገባል። ለስላሳው ላስቲክ በሞቃት አስፋልት ላይ ቶሎ ከማለቁም በላይ የማቆሚያውን ርቀት ያረዝማል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ይቻላል፤ 3524 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው እ.ኤ.አ በ2024 በ35ኛው ሳምንት ነው።