ውጫሌ፣ ነጠላ ሰረዝ እና የ7ኛ ክፍል ተማሪ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከዚህች ቦታ ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። ኢጣሊያ ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን ይዛ «ግዴታ ነው» አለች። ነገሩ የተፈታው ዓድዋ ላይ በደም ነው።

ያ ጥፋት የግስ እንጂ የሰረዝ አልነበረም። ሰረዝም ግን ዋጋ ታስከፍላለች። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የአንድ ወተት አከፋፋይ ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው ከሰሱ። ሕጉ ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር ከመጨረሻው «ወይም» በፊት ነጠላ ሰረዝ አላደረገም። «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ማለቱ ነው ወይስ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ልጆቻችን ግን ደንቡን የሚማሩት እንዴት ነው? ብዙዎቻችን የተነገረን «ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ላይ አድርጉ» የሚል ነው። ይህ ምክር በጣም አሮጌ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው አሪስቶፋነስ ነጥቦችን የፈጠረው ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ነበር። የዛሬዋን የሰረዝ ቅርጽ ያስፋፋው በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የቬኒሱ አታሚ አልዶ ማኑዚዮ ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ ሰረዝ ቀስ በቀስ ከትንፋሽ ወደ ሰዋስው ተሻገረ።

የእኛ ጽሑፍ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በብራናም በነገሥታቱ ደብዳቤም ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ ምልክት ባያይም ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ያውቃል። ስለዚህ «ገበያ ሄደ፣ ማሽላ ገዛ፣ ተመለሰ» ብንል ማንም አይቆጣም። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በሰረዝ ብቻ ማያያዝ ስህተት ነው። «ወልድያ የሚኖረው ወንድሜ» የሚለውም አንድ ወንድም ላለው ሰው ይሆናል፣ አራት ላለውም ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በሰረዝ ይለያል፤ ሰረዝ ካለ ወንድሙ አንድ ብቻ ነው፣ ከሌለ ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ የሐብሩ ልጅ ሰረዙን ያለቦታው ቢያደርግ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የራሱን ቋንቋ ደንብ በታማኝነት እየተከተለ ነው። ይህን የሚነግረው ግን የለም።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በክልላችን ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን በአማርኛ ጀምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ አለፈች፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም ግጭቱ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። የቀረችውን ጥቂት ክፍለ ጊዜ ደንብ በማሸምደድ ማባከን አይገባም።

መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈለው፤ በአንድ በኩል አማርኛውን፣ በሌላው እንግሊዝኛውን ይጻፍ። ከዚያ «ስንት ወንድም አለው?» ብሎ ይጠይቅ። ከውጫሌ ጎረቤት የሚያድግ ልጅ፣ አንድን ነገር በሁለት ቋንቋ አስተያይቶ ማንበብን ከማንም በፊት መማር ነበረበት።