ኤቨሊና፦ ከነቢያት መንገድ አጠገብ የነበረው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት

ልጆቼ፣ ኢየሩሳሌም ያለውን የኢትዮጵያ መንገድ ስትወጡ ነቢያት መንገድ ላይ ትደርሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሰፈሩን የምታውቁት በደብረ ገነት ገዳም ነው፤ አለዚያም ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ እዚያ ስለኖረ ነው። እኔ ግን እዚያው አቅራቢያ ስለነበረ አንድ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ልንገራችሁ። የእኛንም ቤት የሚመለከት ታሪክ ነው።

ስሙ ኤቨሊና ደ ሮትሽልድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1854 አልበርት ኮን የሚባል ሰው በሮትሽልድ ቤተሰብ ገንዘብ አቋቋመው። በኢየሩሳሌም ለአይሁድ ሴት ልጆች የተከፈተ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ወንዱ ኦሪት ይማራል፣ ሴቷ እናቷን ታግዛለች፤ ልክ እንደኛ መንደር። ኤቨሊና የለንደኑ የሊዮኔል ደ ሮትሽልድ ልጅ ነበረች። በ1866 በወሊድ ምክንያት ስትሞት፣ ትምህርት ቤቱ ለመታሰቢያዋ በስሟ ተጠራ።

መጀመሪያ በአሮጌው ከተማ ነበር። በ1890ዎቹ ግን ማሃናይም ወደሚባለው ትልቅ የድንጋይ ቤት ተዛወረ። ቤቱን ፍሩቲገር የሚባል የባንክ ባለቤት በ1885 ለራሱ መኖሪያ ነበር የሠራው። አስቡት፣ የሀብታም እልፍኝ የሴት ልጆች መማሪያ ክፍል ሆነ!

ትምህርት ቤቱን ያስከበረችው አኒ ላንዳው ናት። በ1899 ከእንግሊዝ ለማስተማር መጣች፤ ከ1900 እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1945 ድረስ መራችው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንግሊዛዊት ስለሆነች ቱርኮች ቢያስወጧት እስክንድርያ ተሰደደች። እንግሊዞች ከተማዋን ሲይዙ ተመልሳ እንደገና ከፈተችው። በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ከፍ ያለ ቦታ ስለነበረው፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ብዙ ተማሪዎቿ የመሥሪያ ቤት ሥራ አገኙ። ቋንቋው እንጀራ ሆናቸው ማለት ነው።

በኛም አገር በ1931 እቴጌ መነን በአዲስ አበባ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባ፤ በ1936 ከጃንሆይ ጋር ተሰደው የመጡት ወደዚችው ኢየሩሳሌም ነው። ያን ጊዜ ሚስ ላንዳው ትምህርት ቤቷን እየመራች ነበር።

የእቴጌ መነን ትምህርት ግን እኛ መንደር አልደረሰም። እኔ አምቦበር አራተኛ ክፍል ስደርስ ተዳርኩ። በ1984 በሱዳን በኩል ስንመጣ ትልቋን ልጄን እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን ፕኒሚያ አስገቧት፤ ለምን እዚያ እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም፣ እኛም መጠየቅ እንደሚቻል አናውቅም። ለታናሿ ጊዜ ግን ዕብራይስጥ ለምጄ ነበር። ተማሪ መርጦ ወደሚቀበል የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ኤቨሊና አይደለም። አንዲት ሴት ውጤቷን እንኳ ሳታይ፣ “ለእሷ የሙያ ትምህርት ይሻላታል” አለችኝ። እኔም፣ “ሙያ ክብር ነው። ግን መጀመሪያ ፈትኗት፣ ከዚያ ንገሩኝ” አልኩ። ሳልነሳ ተቀመጥኩ። ተፈተነች፤ አለፈች። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳቡ ከብዷት አልቅሳለች፤ ግን ባግሩቷን ይዛ ወጣች።

መምረጥ ይቅር አልልም። ጎበዝ ተማሪ ይመረጥ። ፈተና ሳትቀመጥ፣ በመልኳና በእናቷ አነጋገር የተመረጠች ልጅ ግን ተመርጣ ሳይሆን ተመልሳ ነው የምትሄደው።

ኤቨሊና ዛሬ ረሐቪያ ነው። ማሃናይምስ? የትምህርት ሚኒስቴር ሆኗል! የልጆቻችሁ የትምህርት ጉዳይ የሚወሰንበት ቤት ትናንት የሴት ልጆች መማሪያ ነበር። በዚያ ስታልፉ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ምዝገባ ሲደርስም አብራችሁ ሂዱ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፣ “አይሆንም” ካሏችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ በአራተኛ ክፍል ዕብራይስጥ እየተንተባተብኩ ጠይቄአለሁ፤ እናንተማ ቋንቋው የአፍ መፍቻችሁ ነው።